በእታለም እግር ላይ የተጻፈው

አንድ ሰው ለዘጠኝ ቀን መድኃኒቱ ቢቀርበት ከዕድሜው ስንቱ ይጎድላል? ይህን ጥያቄ በሌላ ሰው ስም አድርጌ ሐኪም ጠይቄያለሁ። በመጽሐፍም ፈልጌዋለሁ። ሐኪሙ «እንደ ሰዉ ነው» አለኝ፤ መጽሐፉም በረጅሙ ያንኑ አለኝ። እንደ ሰዉ መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም። የኔ ጥያቄ ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ ነሐሴ ነው።

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አንዲት ተማሪ ከመደርደሪያ ጀርባ ተደብቃ በሶ በውኃ መያዣ ላስቲክ ስትበጠብጥ አገኘኋት። ምግብ ክልክል መሆኑን ልነግራት ነበር የሄድኩት። የተቆላው ገብስ ሽታ ከእርጥብ ወረቀት ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲደርሰኝ ግን የመጣሁበትን ረሳሁ። ውጭው ጉም ነበር፤ ደብረ ታቦር በክረምት ጉሙን የምትለብሰው እንደ ጋቢ ነው፣ እስከ አፍንጫዋ። ልጅቷ ደንግጣ ላስቲኩን ከኋላዋ ሸሸገች። ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

እታለም የአባቴ ታናሽ እህት ናት። የክርስትናም የዓለምም ስም አላት፤ ግን ቤተሰቡ ሁሉ እታለም ስለሚላት እኔም በዚያው ቀረሁ። ቤታችን ከጋፋት ወረድ ብሎ ነው፣ የእግር መንገዱ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቅበት። እሷ ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ ስትመለስ ዐሥር። በግንቦት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን አርሶ ሽታው ገና ሳይበርድ፣ ነብር የተሣለበት ብርድ ልብስና ጥቁር መነጽር ይዛ መጣች። መነጽሩን ቤት ውስጥም አታወልቀውም። እናቴ መጀመሪያ እንደ ኩራት ቆጥራው ነበር።

የገረመኝ አፍንጫዋ ነው። በግድግዳችን ላይ ባለው ፎቶዋ አፍንጫዋ እንደ አባቴ ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ከመሐል ጎድጎድ ብሏል። እኔ ነገሩን በራሴ መረመርኩት፦ አውሮፕላን በጣም ይፈጥናል፣ እታለም በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፣ ነፋሱ ገፍቷታል። እናቴ ግን ለአባቴ በሹክሹክታ፣ አሠሪዋ መትታት ይሆናል ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ብርድ ነው ይላል፤ ዓይን ነው የሚልም ነበር። እታለም ጠዋት ጠዋት ደም የነካው ቅርፊት ከአፍንጫዋ በለስላሳ ወረቀት ታወጣና ወረቀቱን አጣጥፋ እሳት ውስጥ ትጥላለች። ሰው አትኩሮ ሲያያት ቀድማ ትናገራለች። «ስድስት ዓመት የሰው ወለል ስወለውል አፍንጫዬን እዚያው ረስቼው መጣሁ» ትላለች። ሰውየው ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች፤ ከዚያ ታስላለች።

ሁለቱ ወንድሞቼ ደብረ ታቦር ይማሩ ነበር። አንድ ሰው ከቤት መቅረት ነበረበት፤ እኔ ቀረሁ። በዚያ ማንም ክፉ አላሰበም፤ እኔም እንደ ክፉ አልቆጠርኩትም። ብቻ ፊደል ባየሁ ቁጥር እንደ ተዘጋ በር ነበር የሚሆንብኝ። ከበሩ ማዶ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል፣ የሚሉት አይለይም።

ከቤታችን በላይ የኔታ ነበሩ። የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ደግሞም ብራና ይጽፋሉ። የፍየል ቆዳ በእንጨት ወጥረው ሲፍቁ፣ ፍቁ እንደ በረዶ እግራቸው ሥር ሲረግፍ፣ ውኃ አቀብላቸው ነበር። ቆዳው ሲደርቅ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በሁለት ቀንድ አድርገው ይቀመጣሉ። ጥቁሩን ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ፤ አንዳንዴ ብዕሩን ለውጠው ትንሽ ቀይ ያገባሉ። አንድ ቀን ቀዩ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቀና ሳይሉ «ጥቁሩ ነገሩ ነው፤ ቀዩ ስሙ ነው» አሉኝ። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ይገባል ማለታቸው ነበር። ያስተምሩኝ ዘንድ ለመንኳቸው። የኔታ የዋህ ሰው ነበሩ፤ ጊዜው ሲደርስ አሉኝ። ጊዜው በየት በኩል እንደሚደርስ ግን አልነገሩኝም።

ሰኔ ላይ እታለምን እግሯን ሳጥባት አየሁት።

ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በሁለቱም ቅልጥሟ ላይ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀይ ነጥብ ተበትኗል። አንዳንዱ ብቻውን ነው፤ አንዳንዱ ሦስት አራት ሆኖ በተርታ ቆሟል። በጣቴ ስጫነው አይጠፋም። የቆየው ደግሞ ጠቁሯል። ቀይና ጥቁር፣ በቆዳ ላይ። ውኃው እስኪቀዘቅዝ አየሁት። እታለም «ምነው ልጅት፣ እግሬን ልትሸጭው ነው?» አለችኝ። ያየሁትን ግን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ የማውቀው ጽሕፈት ሁሉ ቆዳ ላይ ነው፤ ቀዩም ስም ነው። አንድ ቅዱስ ስሙን እየጻፈባት እንደሆነና ከኔ በቀር ማንም እንዳላየው ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ።

በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ደም አስላት። አባቴ ደብረ ታቦር ወሰዳት፤ ከዚያ ባሕር ዳር ላኳቸው፤ ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሲመለሱ የበሽታውን ስም በወረቀት ይዘው መጡ። ረጅም የፈረንጅ ስም ነበር፤ አባቴ ወረቀቱን አራት አጥፎ ከዳዊቱ ውስጥ አስቀመጠው። ሐኪሙ ያለውን ግን እንደ አደራ ቃል ሳያዛንፍ ነገረን። በሰው ገላ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ። ሰውነት ጠላት የሚመክትበት ሠራዊት አለው፤ የእሷ ሠራዊት ግን ተሳስቶ የገዛ ሥሮቿን ይወጋል። ሥሮቹ ሲቆጡ፣ እነሱ በሚያጠጡት ሁሉ ይደርሳል፤ አፍንጫ፣ ሳንባ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ኩላሊት። ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ አይደለም፤ ሐኪሙ ራሱ በሥራ ዘመኑ ያየው ጥቂት ነው።

እናቴ «ብርቅ ነገር ወደዚህ ቤት ከመጣ አይቀር ይኼ ይምጣ?» አለች።

መድኃኒቱ በቀን ስምንት ነጭ ፍሬ ነው፣ ከምግብ በኋላ። እናቴ ከቤት ሥራዋ ስለማትፈታ አደራው ለኔ ተሰጠ። አባቴ ከፊቱ አቁሞ «አንድ ቀን እንዳይዘለል» አለኝ። በይ ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

በሐምሌ የእታለም ፊት እንደ ሙሉ ጨረቃ ሞላ። መድኃኒቱ ነው የሚያሳብጣት፤ የሰፈሩ ሴቶች ግን «እሰይ፣ አገሯ ተስማማት» ይሉ ነበር። ሳሏ ቀነሰ። የምግብ ፍላጎቷ ተመለሰ። እኔ በየቀኑ እግሯን አጥባለሁ፣ በየቀኑም ነጥቡ ይፈዝዛል። ቀዩ ወደ ቡና ዓይነት ሄደ፤ የቡናው ዓይነት ጠፋ። የኔታ ሲሳሳቱ ብራናውን በካራ ፍቀው ያጠፉት ነበር። ይህም እንደዚያው መሰለኝ። ስምንቱ ነጫጭ ፍሬዎች ማንም ሳያነበው ጽሕፈቱን እየፋቁት ነው።

እታለም ገና ባሕር ዳር ሳለች ተስላ ነበር፣ ለፍልሰታ ጣራ ገዳም ሱባኤ ልትገባ። አባቴ መድኃኒቱ አብሮ እስከሄደ ድረስ አልከለክልም አለ። ዓይኖቿ በዚያ ሰሞን ቀልተው ብርሃን አላስችላት ብሎ ስለነበር እኔ መሪዋ ሆኜ ሄድኩ። በሚኒባስ እስከ አዲስ ዘመን፤ ከዚያ ሽቅብ በእግር። እሷ በነጠላዋ ዓይኗን ጋርዳ ትከሻዬን ይዛ ትከተለኛለች። በየጥቂት እርምጃው ታርፋለች።

ስለዚያ ጫካ ብዙ ጊዜ አልሜያለሁ፤ አሁን ያየሁትንና ያለምኩትን መለየት አይሆንልኝም። ጽዱና ወይራው ሽበት የመሰለ ነገር በየቅርንጫፉ አንጠልጥሏል። ጉም ከታች ይነሣና በዛፎቹ መካከል እንደ ሰው ቀስ ብሎ ያልፋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ቅጠሉ ለብቻው ይዘንባል። መነኮሳቱ ከጉሙ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ፤ መቋሚያቸው ድንጋዩን ሲነካ ብቻ ይሰማል። ጉሬዛዎች ነጭና ጥቁር ለብሰው ከላይ ያዩናል። እነሱም ሱባኤ የገቡ መስለውኝ ሳልፍ እጅ እነሣቸው ነበር።

ያረፍነው በሣር ጎጆ ነው፤ ከኛ ጋር አራት ሴቶች ነበሩ። የጎጆው አፍ ከአዲስ ዘመን የመጡት እማማ ስንዱ ናቸው። በሕልማቸው ያዩትን፣ ያላዩትንም፣ ጠዋት ያወራሉ። በጸበሉ የሚያጠምቁት ሽማግሌ አባ ገና በመጀመሪያው ቀን የእታለምን የመድኃኒት ላስቲክ አዩት። ትደብቀው ጀምራ ነበር። «መድኃኒቱን ጥለሽ ጸበሉን አትፈታተኚው፣ ልጄ። እሱንም የሰጠ አንድ ነው። ዋጪ» አሏት። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የማን እንዳልሆነ እንዲታወቅ ነው።

ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ትጠመቃለች፤ ጥርሷ ሲንቀጨቀጭ እኔ ነጠላዋን ይዤ እጠብቃለሁ። ቅዳሴ ሲወጣ ከይዘን የመጣነውን በሶ በጨው አሽቼ ጭብጦ አደርጋለሁ፤ እንበላለን። ከዚያ እጇን ትዘረጋለች። ስምንቱን ፍሬ እቆጥርና በመዳፏ ላይ አደርጋለሁ። ዓይኗ የተሸፈነ ስለሆነ በጣቷ ዳስሳ ትቆጥራቸዋለች፤ በየተራ በጸበል ትውጣለች። ምሬቱ ፊቷን ያጨማድዳል። «ዓረብ አገር እንኳ እንዲህ አይመርም» ትላለች።

በስድስተኛው ቀን እማማ ስንዱ የኛው የኔታ ለእመቤታችን በዓል፣ ለነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ከሊቃውንቱ ጋር ይመጣሉ መባሉን አወሩ። ያን ለታ የእታለምን እግር ሳይ ከቀዩ የቀረው ሦስት ነጥብ ብቻ ነበር፣ በቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ። ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። በዘጠኝ ቀን ምንም አይተርፍም። የኔታ ሲደርሱ የተፋቀ ብራና ነው የማሳያቸው።

በዚያ ቀን ከድርሻዬ በሶ ቆንጥሬ ሸሸግሁ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አድበልብዬ፣ በጥፍሬ ጠፍጠፍ አድርጌ፣ ምድጃው አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ አደረቅኋቸው። ስምንት። በጣም ተጠንቅቄ ነው የሠራኋቸው፤ እኩል እስኪሆኑ ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ። በማግስቱ የመድኃኒቱን ስምንት ፍሬ በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ እነዚህን በመዳፏ ላይ አደረግኋቸው። ዳሰሰች፤ ቆጠረች፤ ዋጠች።

«አልመረረኝም» አለች።

«ጸበሉ ይሆናል» አልኳት። በሕይወቴ የተናገርኩት የመጀመሪያው ውሸት እሱ ነው፤ እንዲያ በቀላሉ መውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል።

እታለም የቀረውን ጸበል ጠጣች፤ ምላሷን በላንቃዋ ላይ አመላለሰች። ደግማ፣ በዝግታ፣ ለጎጆው ሁሉ ተናገረች፤ ወር ሙሉ እንደ ሐሞት የመረራት መድኃኒት ዛሬ እንጀራ እንጀራ አላት። እማማ ስንዱ ብድግ ብለው እልል አሉ። ሌሎቹ ተቀበሉ። ከሌላ ጎጆ ሴቶች መጡ፤ አንዲቱ የእታለምን እጅ ሳመች፤ አንዲቱ ከጸበሉ ለልጇ ለመነች። አባ ግን ሰምተው «ዝም በሉ፤ ይቆይ» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ እልልታ ያን ያህል እንደሚከብድ ገባኝ። የሆነውን ብናገር እልልታውን ወደነዚያ ሁሉ ሴቶች አፍ መልሼ መክተት ሊኖርብኝ ነው። በማግስቱም ስምንት ሠራሁ።

ፍሬውን በለወጥኩ በአራተኛው ቀን ነጥቦቹ ተመለሱ። በአምስተኛው ጉልበቷን አለፉ። እንዲህ ያለ ጽሕፈት አይቼ አላውቅም፤ ቀዩ ከጥቁሩ በዝቶ፣ መሥመር ሠርቶ፣ እንደ ጌጥ ተያይዞ ወደ ጭኗ ይወጣል። ደስታዬን እንዴት ልግለጸው? ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ገጹ ሞልቷል፣ የኔታ ይመጣሉ፣ ያነቡታል፣ እሷም ትድናለች፣ ምናልባት እኔም እንድማር ያዝዛሉ። እታለም መገጣጠሚያዋን ያማት ጀመር። ውኃ ሽንቷ ጠላ የመሰለ ነው አለችኝ። አልፈራችም። እማማ ስንዱ ነጥቦቹን አይተው «እየወጣልሽ ነው፣ በሽታው ነው በቆዳሽ በኩል እየወጣ ያለው» ብለው ነበርና ሁሉም ይህንኑ አመነ። እኛ በዚያ ጎጆ ውስጥ የነበርን ስድስት ሰዎች አንድ ገላ እያየን በየራሳችን መንገድ ተሳስተናል።

የበዓሉ ቀን ጉሙ ከበሮውን ጭምር ያፈነው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው ድምፅ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። እታለም ከመኝታዋ አልተነሣችም። ትንፋሿ እንደሚፈላ ድስት ክዳን ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ወደ መሐረቧ አስላ መሐረቡን ጠቅልላ ከራስጌዋ ሥር አስገብታዋለች። እኔ ሮጥኩ። የኔታን ከሊቃውንቱ መካከል በነጭ ጥምጣማቸው ለየኋቸው፤ ማኅሌቱ እስኪያልቅ ጠብቄ የኩታቸውን ጫፍ ያዝኩ። የመንደራቸው ልጅ መሆኔን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁኝ ተከተሉኝ።

ጎጆው ገብተው ጎንበስ አሉ። እኔ ነጠላውን ከእታለም እግር ላይ ገለጥኩ።

«የኔታ፣ ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ። በብራና ላይ እንደሚያደርጉት በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት። ፊታቸውን ነበር የማየው፤ ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳልና እሱን እጠብቃለሁ። ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም።

«ምኑን አንብብ ትይኛለሽ፣ ልጄ፤ ይኼ እኮ ደም ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወጥተው በማኅሌት ድምፃቸው ሰው ጠሩ። ቃሬዛ መጣ። ከሰዎቹ ጋር ራሳቸው ተሸከሙ፤ ጥምጣማቸው በቅርንጫፍ ተይዞ ወድቆ አላነሡትም። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ የዘጠኝ ቀኑን መድኃኒት፣ ሰባ ሁለቱን ፍሬ፣ ከቀሚሴ ጫፍ ከቋጠርኩበት ፈትቼ ከአንድ ወይራ ሥር ባለ ጉድጓድ ከተትኩና በቅጠል ደፈንኩት። ደም ነው ያሉኝን ቃል ደጋግሜ እላለሁ። ደም መሆኑን አላውቅም ነበር አልልም። ስም በደም የማይጻፍ መሆኑን ነው ያላወቅሁት።

ከአዲስ ዘመን በአምቡላንስ ደብረ ታቦር ደረስን። አባቴ ገና አልመጣም። እታለም አፏ ላይ ጭምብል ተደርጎላት ተኝታ፣ አንዲት ነርስ መድኃኒቱን ትወስድ እንደነበር ጠየቀቻት። እታለም ጭምብሉን በጣቷ ከፍ አድርጋ «አንድ ቀን አልዘለልኩም» አለች። እጇን ወደኔ ዘረጋች። «ምስክሬ እሷ ናት።»

ነርሷ ወደኔ ዞረች። ረጅም፣ የደከማት ሴት ነበረች፤ ቸኩላ አልነበረም። የምትጠብቀው እኔን ነበር።

«አዎ» አልኩ።

እሷም ጻፈችው። በማግስቱ ሐኪሙ ለአባቴ፣ መድኃኒቱ አልያዛትም፣ በሽታው ከመድኃኒቱ በርትቷል፣ ጠንካራውን መጀመር አለብን ሲለው ሰማሁ። ጠንካራው ተጀመረ። በዚያ ጠንካራ መድኃኒት ፀጉሯ ሁሉ ረገፈ፤ በእሱም ዳነች። ኩላሊቷ ግን ከተጎዳበት አልተመለሰም። ይህ በሽታ መድኃኒት ሳይቋረጥም ተመልሶ የሚነሣ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ይህን ማወቄ አንዳንድ ቀን ያሳርፈኛል፤ አንዳንድ ቀን የበለጠ ያደክመኛል።

እታለም በየወሩ መታየት ስላለባት ከጥቅምት ጀምሮ ደብረ ታቦር ቤት ተከራየች። እኔንም ይዛኝ መጣች። ለአባቴ «ዓይኔ በጨለመ ጊዜ ዓይን ሆናኛለች። ይህችን ልጅ ካላስተማርኳት እዳዋ ይይዘኛል» አለችው። በዐሥራ አንድ ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ከብብቴ በታች ነበሩ፤ «እማማ» ይሉኝ ነበር። ፊደሉን በሁለት ወር ጨረስኩት። የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነበብኩ ቀን እታለም በሻሽ የታሰረ ራሷን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ግን በአንድ ነገር አልነበረም የምናለቅሰው።

የጣራ ገዳሙን ተአምር ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኛ፣ በሐኪም ቤት ተራ ለሚጠብቅ። እንዴት እንደመረራት፣ እንዴት ምሬቱ እንደጠፋ። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ምስክር እሆናለሁ። ለዓመታት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ያቺን ተማሪ ባየሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ እሷ ቤት ሄድኩ። እታለም አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ነበር። የግራ ጆሮዋን ያ በሽታ ወስዶታል። በዚያ ጆሮዋ በኩል ተቀምጬ ይህን ነገር በሹክሹክታ የነገርኳት ብዙ ጊዜ ነው፤ እንደ ንስሐ ልምምድ። ቅዳሜ ለት ወንበሩን አንሥቼ በቀኝ በኩል ተቀመጥኩ።

«ጣራ ገዳም ላይ መድኃኒቱ ያልመረረሽ በሶ ስለሆነ ነው» አልኳት።

«የምን በሶ?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። የየኔታን ቀይ ቀለም፣ እግሯ ላይ ያየሁትን፣ ድንጋዩን፣ ሰባ ሁለቱን ፍሬ፣ ነርሷን። ቅደም ተከተሉን ሳላዛባ ነው የነገርኳት። እሷም አላቋረጠችኝም።

«ስንት ቀን?» አለችኝ ስጨርስ።

«ዘጠኝ።»

«እኔ እኮ ዐሥራ አራት ቀን አልመረረኝም እያልኩ ነው የማወራው።»

የሳቀች መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሳቀችም። ጣቶቿን እያየች ነበር።

«ፈርተሽ ነው ያልነገርሽኝ?»

«መጀመሪያ ፈርቼ፤ በኋላ ስላስተማርሽኝ።»

«ፀጉሬ ያለቀው እንግዲያ በዚያ ነው።»

«አዎ።»

«ኩላሊቴስ?»

«እሱን አላውቅም፣ እታለም።»

«ሐኪምም አያውቅም?»

«ጠይቄያለሁ። ማንም አያውቅም።»

ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ ጀመረው፣ ከዚያ በረታበት፣ ከዚያ ተወው። እታለም ብርድ ልብሷን እስከ ደረቷ ሳበች። ልታባርረኝ ትችላለች ብዬ ቦርሳዬን ከወለሉ አንሥቼ በጭኔ ላይ አድርጌ ነበር።

«ለሰው ማውራቴን ግን አልተውም» አለችኝ በመጨረሻ። «እነዚያ ሴቶች ከልባቸው ነው እልል ያሉልኝ፤ እሱን አልመልስም። አንች ግን ከአሁን ወዲያ ሳወራ ከፊት ለፊቴ እንዳትቀመጭ። ዓይንሽን ካየሁት መሳቄ አይቀርም።»

ይህን ብላ ወደ ቀኝ ዞረች፤ በደህናው ጆሮዋ ላይ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ብናገር እንኳ አትሰማኝም።